ሲቲ ስካን ከመነሳትዎ በፊት፦ ለታካሚውና ለአስታማሚው

ሲቲ ስካን የታዘዘለት ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚፈራው ማሽኑን ነው። ማሽኑ ግን አያምም፣ ሰውነትንም አይነካም፣ ሥራውንም በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ይጨርሳል። ታካሚውን ለችግር የሚዳርገው ወይም ከደጅ የሚመልሰው ነገር ብዙውን ጊዜ ከማሽኑ ክፍል ውጭ ያለ ነው፤ ለባለሙያው ያልተነገረ የኩላሊት ሕመም፣ ያልተያዘ የላቦራቶሪ ውጤት፣ በስሕተት የተረዱት የጾም ትእዛዝ ወይም ያልተጠቀሰ እርግዝና ሊሆን ይችላል። በተለይ ከይርጋለም፣ ከአለታ ወንዶ፣ ከዲላ ወይም ከሻሸመኔ ተነስቶ ሀዋሳ ለሚመጣ ሰው፣ እነዚህን ነገሮች አስቀድሞ ማወቅ የአንድ ቀን ድካምና የመኪና ወጪ ያድናል።

ይህን የተማርኩት በራሴ ቤት ነው። በአንድ የሁዳዴ ጾም እናቴ የሆድ ሲቲ ስካን ታዝዞላት ከይርጋለም በሌሊት ተነስታ መጣች። ቀጠሮ ስንይዝ የሰማነው «ሳትበላ ትምጣ» የሚለውን ቃል ብቻ ስለነበር፣ እርሷም ነገሩን እንደ ጾሟ ቆጥራ ከዋዜማው ምሽት ጀምሮ ውሃ እንኳ በአፏ አላዞረችም። ደርሰን ተራ ስንይዝ የኩላሊት ምርመራ ውጤት ተጠየቅን፤ አልያዝንም። ደም ሰጥታ ውጤቱ እስኪመጣ እኩለ ቀን አለፈ፣ ሲመጣም ክሬቲኒኗ፣ ማለትም ኩላሊት ከደም አጣርቶ የሚያስወጣው ቆሻሻ መጠን፣ ከፍ ብሎ ተገኘ። ሐኪሙ ደጋግሞ ሲጠይቃት ለጉልበቷ ሕመም ዳይክሎፌናክ ከፋርማሲ እየገዛች በየቀኑ እንደምትውጥ ያን ጊዜ ገና ተናገረች፤ እኔም ልጇ ሆኜ አላውቅም ነበር። መድኃኒቱን አቁማ፣ ውሃ እየጠጣች ቆይታ ከቀናት በኋላ ሲለካ ቁጥሩ ወርዶ ምርመራውን ተነሳች። ማንም ሆን ብሎ አልበደለንም፤ ግን ቀጠሮ ስንይዝ ሁለት ጥያቄ ብንጠየቅ ወይም እኛው ሁለት ጥያቄ ብንጠይቅ ኖሮ ያ ሁሉ መመላለስ ባልኖረ ነበር።

ማሽኑ ምን ይሠራል?

ሲቲ ስካን የሚሠራው በራጅ ጨረር ነው። ተራው ራጅ ሰውነትን ከአንድ አቅጣጫ ብቻ አይቶ ሁሉንም አካል በአንድ ፊልም ላይ ደራርቦ ሲያሳይ፣ ሲቲ ስካን ግን የጨረሩን ምንጭ በሰውነት ዙሪያ እያሽከረከረ ከብዙ አቅጣጫ ይለካል፤ ኮምፒውተሩም ልክ ዳቦ በስሱ ተቆርጦ ሲታይ እንደሚሆነው አካሉን በስስ በስሱ ከፍሎ ያሳያል። ከዚህ ሐሳብ በስተጀርባ ካሉት ሁለት ሰዎች አንዱ አላን ኮርማክ የተባለ ትውልደ ደቡብ አፍሪካዊ የፊዚክስ ሊቅ ነው፤ ስለ ጉዳዩ ማሰብ የጀመረውም በኬፕታውን በሚገኝ ሆስፒታል የራጅ ክፍል ውስጥ ሲሠራ ነበር። ሁለተኛው እንግሊዛዊው መሐንዲስ ጎድፍሬይ ሃውንስፊልድ ሲሆን፣ በእርሱ ማሽን የመጀመሪያው ታካሚ ለንደን ውስጥ የታየው እ.ኤ.አ. በ1971 ነው፤ ሁለቱም በ1979 የኖቤል ሽልማትን ተካፍለዋል።

ብዙ ሰው ሲቲ ስካንንና ኤምአርአይን ያምታታል፤ ኤምአርአይ የሚሠራው በኃይለኛ ማግኔት ስለሆነ በሰውነት ውስጥ ብረት ያለበት ሰው ብርቱ ጥንቃቄ ያስፈልገዋል። ሲቲ ስካን ማግኔት የለውም። እግሩ በብረት የተጠገነ ወይም የልብ ምት ማስተካከያ የተገጠመለት ሰው ሲቲ ስካን ሊነሳ ይችላል፤ ብረቱ በአካባቢው ያለውን ምስል ሊያበላሽ ስለሚችል ብቻ አስቀድሞ ይናገር። ሌላው ልዩነት ቅርጹ ነው። የሲቲ ስካን ማሽን ሰፊና አጭር ቀለበት እንጂ ረጅም ዋሻ ስላልሆነ፣ የተዘጋ ቦታ የሚያስጨንቀው ሰው እንኳ አብዛኛውን ጊዜ ይችለዋል።

በኮንትራስት ነው ወይስ ያለ ኮንትራስት?

ቀጠሮ ሲይዙ ከሁሉ አስቀድመው የሚጠይቁት ይህን ይሁን፤ የሚያስፈልግዎ ዝግጅት በሙሉ በመልሱ ላይ የተንጠለጠለ ነው። ኮንትራስት የሚባለው አዮዲን ያለበት፣ በደም ሥር የሚሰጥ መድኃኒት ሲሆን የደም ሥሮችን፣ ዕጢዎችንና ኢንፌክሽን ያለባቸውን ቦታዎች ከሌላው አካል ለይቶ ያጎላል። ሁሉም ምርመራ አይፈልገውም። ከሞተር ሳይክል ወይም ከባጃጅ ወድቆ ራሱን የተመታ ሰው መጀመሪያ የሚነሳው ያለ ኮንትራስት ነው፤ ትኩስ ደም በምስሉ ላይ በራሱ ነጥቶ ስለሚታይ ኮንትራስቱ ሊያምታታ ይችላልና። የኩላሊት ጠጠርም እንዲሁ ያለ ኮንትራስት ይታያል። በአንጻሩ ለሆድ ዕጢ፣ ለጉበት ወይም ለደም ሥር ሲታዘዝ ኮንትራስት ያስፈልጋል፤ ያለ እርሱ ከተነሱ ብዙ ገንዘብ ተከፍሎበት የተፈለገው ነገር ላይለይ ይችላል። ለሆድ ምርመራ አንዳንድ ጊዜ በውሃ የተበጠበጠ፣ ከምርመራው በፊት በአንድ ወይም በሁለት ሰዓት ውስጥ ቀስ እያሉ የሚጠጡት መድኃኒት ስለሚጨመር፣ ወረፋዎ ሳይደርስ «ጠጡ» ቢባሉ አይደንግጡ።

ዋጋውንም በዚሁ አጋጣሚ ይጠይቁ። በኮንትራስትና ያለ ኮንትራስት ክፍያው ሊለያይ ይችላል፤ መድኃኒቱን ራስዎ ከፋርማሲ ገዝተው እንዲመጡ የሚጠየቁበት ጊዜም አለ። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል ከሆኑ የሪፈር ወረቀቱ በደንቡ ተሞልቶ ማኅተም ያረፈበት መሆኑን ከጤና ጣቢያዎ ሳይወጡ ያረጋግጡ።

ኩላሊት፣ አለርጂ፣ እንቅርት

ኮንትራስት ከሰውነት የሚወጣው በኩላሊት በኩል ነው፤ ኩላሊቱ ጤነኛ የሆነ ሰው አብዛኛውን በአንድ ቀን ውስጥ በሽንቱ ያስወግደዋል። ኩላሊቱ የተዳከመ ሰው ግን መድኃኒቱ ስለሚቆይበት ጉዳቱ ሊባባስ ይችላል። የክሬቲኒን ምርመራ የሚጠየቀው በዚህ ምክንያት ነው። ስኳር ወይም የደም ግፊት ካለብዎ፣ ከዚህ በፊት የኩላሊት ሕመም ወይም ቀዶ ሕክምና ከነበረብዎ፣ ዕድሜዎ የገፋ ከሆነ፣ ወይም በተቅማጥና በማስመለስ ብዙ ፈሳሽ ካጡ፣ ውጤቱን ሳይይዙ አይሂዱ፤ ከቀጠሮው ሁለት ሦስት ቀን አስቀድሞ በአቅራቢያዎ ቢሠሩት ይመረጣል። ሐኪሙ ቁጥሩን ብቻ ሳይሆን ከዕድሜና ከጾታ ጋር አሰልቶ የኩላሊቱን የማጣራት አቅም ያያል፤ ይህ አቅም በደቂቃ ከ30 ሚሊሊትር በታች ሲሆን ኮንትራስቱ እጅግ አስፈላጊ መሆን አለመሆኑን ይመዝናል፣ ወይም ሌላ የምርመራ መንገድ ይመርጣል። እዚህ ላይ ዕድሜን እንዲያው በግምት ማስመዝገብ የሚያመጣውን ስሕተት ልብ ይበሉ፤ «ሃምሳ በለው» ተብሎ የተጻፈላቸው የሰባ ዓመት አዛውንት ኩላሊት ከእውነተኛው አቅሙ በላይ ጤነኛ መስሎ ይሰላል።

ስለሚወስዱት መድኃኒት ሲጠየቁ ሐኪም ያዘዘውን ብቻ አይቁጠሩ። ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ኩላሊት ላይ ጫና ያላቸው ማስታገሻዎች ናቸው፤ ከሱቅ ወይም ከፋርማሲ በቀላሉ ስለሚገዙ ግን ብዙ ሰው እንደ መድኃኒት አይቆጥራቸውም። የባህል መድኃኒት ከወሰዱም ሳያፍሩ ይናገሩ። ሜትፎርሚን የሚወስድ የስኳር ታካሚ ደግሞ ይህን ነጥሎ ይጥቀስ፤ ኩላሊቱ ደካማ ከሆነ መድኃኒቱ በምርመራው ዕለት ቆሞ ለ48 ሰዓት እንዲቆይና ኩላሊቱ ዳግም ታይቶ እንዲጀመር ሊታዘዝ ይችላል። ኩላሊቱ ጤነኛ ለሆነ ሰው ይህ አብዛኛውን ጊዜ አያስፈልግም፤ በጎረቤት ምክር በራስ ማቆም ስኳሩን ከፍ ከማድረግ በቀር ትርፍ የለውም። ከምርመራው በፊት መድኃኒት የያዘውን ከረጢት እንዳለ ይዞ መሄድ ስም ከማስታወስ ይቀላል፤ እናቴን በሁለተኛው ቀጠሮ ያደረግኳት እንዲሁ ነው።

ወደ አለርጂ ስንመጣ ከሁሉ የሚበልጠው ጥያቄ «ከዚህ በፊት ኮንትራስት ወስደው ያውቃሉ? ምን ሆኑ?» የሚለው ነው። ያን ጊዜ ሰውነትዎ ሽፍ ብሎ ከነበረ፣ ፊትዎ አብጦ ወይም ትንፋሽ አጥሮዎት ከነበረ፣ ይህን ለመናገር የምርመራውን ቀን አይጠብቁ። መከላከያ የሚሰጠው መድኃኒት ከምርመራው ግማሽ ቀን ያህል አስቀድሞ መጀመር ስለሚኖርበት፣ በር ላይ ደርሰው ቢናገሩ ጊዜው አልፏል። አስምና ሌላ ብርቱ አለርጂ ያለባቸውም ይናገሩ። «ዓሣ የማይስማማው ሰው ኮንትራስት አይወስድም» የሚለው ወሬ ግን መሠረት የለውም፤ ዓሣ የሚያስቆጣው ሰውነት የሚቆጣው በዓሣው ፕሮቲን እንጂ በአዮዲን አይደለምና። ሐይቁ ዳር ለሚኖር የሀዋሳ ሰው ይህን ማወቅ አይከፋም።

እንቅርት ያለበት ሰው ነገሩን ቀላል አድርጎ እንዳያልፈው እመክራለሁ። በአካባቢያችን እንቅርት ብዙ ነው፤ አብዛኛውም ያለ ሕመም ለዓመታት ስለሚቆይ ሰዉ በሽታ አይለውም። ኮንትራስት ብዙ አዮዲን ስለያዘ፣ ከመጠን በላይ የሚሠራ የታይሮይድ ዕጢ (እንቅርት ሲሆን የሚያብጠው የአንገት ዕጢ) ያለበትን ሰው ሊያውክ ይችላል። ልብዎ የሚመታ፣ የሚከሱ፣ እጅዎ የሚንቀጠቀጥ ወይም ሙቀት የማይችሉ ከሆነ፣ አንገትዎን ብቻ አሳይተው ዝም አይበሉ።

እርግዝና ሊኖር ይችላል ብላ የምትጠረጥር ሴት፣ የወር አበባዋ በአንድ ቀን ብቻ ቢዘገይም፣ አስቀድማ ትናገር። ባልና አማት በቆሙበት መናገር ከከበዳት ባለሙያውን ብቻዋን ማነጋገር እንደምትችል ትወቅ፤ ጥሩ ባለሙያም ራሱ ለብቻዋ ይጠይቃታል። ሕይወትን የሚያሰጋ ነገር ሲኖር እርግዝና ምርመራውን ፈጽሞ አይከለክልም። የራስ ሲቲ ስካን ሲነሳ ለምሳሌ ወደ ፅንሱ የሚደርሰው ጨረር እጅግ ጥቂት ነው። የምታጠባ እናትም ኮንትራስት ከወሰደች በኋላ ጡት ማጥባቷን መቀጠል ትችላለች፤ ወደ ወተቱ የሚያልፈው ከተሰጣት መጠን ከመቶ አንድ እጅ በታች ነው።

መብላት፣ መጠጣት፣ መጾም

ብዙ ተቋማት ኮንትራስት ከመሰጠቱ በፊት ለ4 ወይም ለ6 ሰዓት ምግብ እንዳይበላ ያዝዛሉ። የታዘዙትን ይጠብቁ፤ ነገር ግን «ምግብ አትብሉ» ማለት «ውሃ አትጠጡ» ማለት አይደለም። ለየት ያለ ትእዛዝ ካልተሰጠዎ በቀር ውሃ መጠጣት ለኩላሊትዎ መልካም ነው፣ ደም ሥርዎንም ለመርፌ ያመቻቻል። እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾም ክርስቲያንም ሆነ በረመዳን የሚጾም ሙስሊም ቀጠሮው በጾም ቀን ከወደቀበት፣ አስቀድሞ ከሐኪሙና ከንስሐ አባቱ ወይም ከኢማሙ ጋር ይመካከር። እናቴ በሁለተኛው ጊዜ ለንስሐ አባቷ ስትነግራቸው «ልጄ፣ ለታመመ ሰው ውሃው ጸበሉ ነው፤ ጠጪ» ብለው ነው የሸኟት።

ኢንሱሊን የሚወጉ ወይም ግሊቤንክላማይድ የሚውጡ የስኳር ታካሚዎች ባዶ ሆዳቸውን መድኃኒቱን ወስደው ወረፋ ላይ መቀመጥ የለባቸውም፤ ስኳራቸው ወርዶ ራሳቸውን ሊስቱ ይችላሉ። የማለዳ ቀጠሮ እንዲሰጣቸው ይጠይቁ፣ የዕለቱን መጠንም ከሐኪማቸው ይቀበሉ፤ አስታማሚውም ከረሜላ ወይም ስኳር በኪሱ ይያዝ። የግፊትና የልብ መድኃኒት ግን አብዛኛውን ጊዜ በጥቂት ውሃ እንደወትሮው ይወሰዳል።

የቀጠሮው ዕለት

ወረቀትዎ ላይ የተጻፈው ቀን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው ወይስ በፈረንጅ? «8:00» የሚለውስ የጠዋቱ ሁለት ሰዓት ነው ወይስ የቀኑ ስምንት? ይህ ቀልድ ይመስላል፤ ጠዋት የተቀጠረ ሰው ከሰዓት በኋላ ላቡ ጠብ እያለ ሲደርስ ያዩ ግን አይስቁም። ቀጠሮ ከሚሰጥዎ ሰው ፊት ጮክ ብለው ያረጋግጡ። የሐኪሙን ማዘዣ፣ የላቦራቶሪ ውጤትና የቀድሞ ፊልሞችን በሙሉ ይዘው ይሂዱ፤ ምስሉን የሚያነበው ሐኪም፣ ራዲዮሎጂስቱ፣ አሮጌውን ከአዲሱ ጋር ሲያነጻጽር አንድ ዕጢ አድጎ እንደሆነ ወይም እንደነበረ እንደሆነ መለየት ይችላል። በቅርቡ ባሪየም የተባለውን ነጭ ፈሳሽ ጠጥተው የጨጓራ ራጅ ተነስተው ከነበረም ይናገሩ፤ በአንጀት የቀረው ባሪየም የሆዱን ምስል ያበላሸዋል።

የሚነሳው አካል አጠገብ ብረት መኖር የለበትም። የአንገት መስቀል፣ ሐብል፣ በቆዳ የተሰፋ ክታብ፣ የጆሮ ጌጥ፣ የፀጉር መያዣ፣ ሽቦ ያለው ጡት መያዣ፣ ዚፕና ተነቃይ ጥርስ ከቤት ሲወጡ ቢታሰቡ፣ በር ላይ ማተብ ይፈታ አይፈታ እየተባለ አይጨቃጨቁም። ብረት የሌለው የክር ማተብ ምስሉን አያበላሽም፤ እንዲፈቱ ከተጠየቁ ይህን በትሕትና ማስረዳት ይችላሉ። ራሱን የሚነሳ ሰው ሹሩባ ውስጥ የተሰካ ጌጥ ካለ ከቤቱ ይፍታው።

አልጋው ላይ ከተኙ በኋላ ኮንትራስት የሚወስዱ ከሆነ ክንድዎ ላይ ካኑላ የሚባል ቀጭን የደም ሥር ቱቦ ይገባል፤ መድኃኒቱ በፓምፕ በፍጥነት ሲገፋ ከጉሮሮ ጀምሮ እስከ ብሽሽት የሚወርድ ሙቀት፣ በአፍ ውስጥ የብረት ጣዕም፣ አልፎ አልፎም ሽንት ያመለጠ የሚያስመስል ስሜት ይሰማዎታል። ሽንቱ አያመልጥም፤ ስሜቱም ከአንድ ሁለት ደቂቃ በላይ አይቆይም። መርፌው የገባበት ቦታ ካቃጠለ ወይም ካበጠ፣ ማሳከክ ወይም የትንፋሽ ማጠር ከተሰማዎ ግን ምርመራው እስኪያልቅ አይታገሡ። ባለሙያው በመስታወቱ በኩል ያይዎታል፣ በድምፅ ማጉያውም ይሰማዎታል፤ ጮኸው ይናገሩ።

«ትንፋሽ ይያዙ» የሚለው ትእዛዝ በማሽኑ ውስጥ በባዕድ ቋንቋ የተቀዳ ሊሆን ይችላል። ሲዳምኛ ብቻ የሚያውቁ አንዲት እናት እዚያ ውስጥ ብቻቸውን ተኝተው እንግሊዝኛ ሲሰሙ ትንፋሻቸውን ይዘው ይቆያሉ ብሎ መጠበቅ አይቻልም። ስለዚህ አስታማሚው ከመግባታቸው በፊት ከባለሙያው ጋር ሆኖ መቼ እንደሚያዝና መቼ እንደሚለቀቅ በቋንቋቸው ያስረዳቸው፣ ሁለት ሦስት ጊዜም ያለማምዳቸው። እኛ ለእናቴ የሰጠናት ምልክት ቀላል ነበር፤ «ድምፅ ስትሰሚ ያዢ፣ ሌላ ድምፅ ስትሰሚ ልቀቂ» አልናት። ምስሉ አልተንቀጠቀጠም።

ሕፃን ልጅ ከሆነ አለመንቀሳቀስ ዋናው ፈተና ነው። እንቅልፉን ቀንሰው፣ ሰዓቱን ከሚተኛበት ጊዜ ጋር ቢያስማሙት ማደንዘዣ ሳይፈልግ ሊያልፍ ይችላል። የጨረሩ መጠን በልጁ ክብደት መስተካከሉንም ይጠይቁ።

ጨረሩ

ጨረር በሰውነት ውስጥ አይቀርም፤ ማሽኑ ሲቆም እርሱም ያበቃል። ስለዚህ «ይወጣልኛል» ብሎ ወተት መጠጣት ጉዳት ባይኖረውም ጥቅም የለውም፤ ከምርመራው የመጣ ሰው ልጁን ቢያቅፍም ምንም አያስተላልፍም። መጠኑ ግን ከተራ ራጅ ይበልጣል። የጨረር መጠን በሚለካበት በሚሊሲቨርት ሲነገር፣ የደረት ራጅ ወደ 0.1 ገደማ ሲሆን፣ የራስ ሲቲ ስካን ወደ 2፣ የሆድና የዳሌ ደግሞ ከ8 እስከ 10 ይደርሳል። ለማነጻጸር ያህል፣ በዓለም ላይ አንድ ሰው ከአፈር፣ ከአየርና ከሰማይ በተፈጥሮ የሚያገኘው በዓመት በአማካይ 2.4 ያህል ነው። አንድ ምርመራ የሚያስከትለው የካንሰር ሥጋት ትንሽ ነው፤ ሐኪሙ በቂ ምክንያት ኖሮት ካዘዘው ይህን ፈርቶ መተው ስሕተት ይመስለኛል። የበለጠ የሚያሳስበኝ ሌላው ነገር ነው፤ በአንዱ ቦታ የተነሳው ፊልም ጠፍቶ ወይም ቤት ቀርቶ፣ በሌላው ቦታ ያው ምርመራ በድጋሚ መታዘዙ፣ ወይም ገንዘብ ያለው ሰው ያለ ሐኪም ትእዛዝ «መላ ሰውነቴን አንሱኝ» ማለቱ።

ከተነሱ በኋላ

ኮንትራስት የወሰደ ሰው እዚያው ለግማሽ ሰዓት ያህል ቢቆይ መልካም ነው፤ ብርቱ የአለርጂ ምልክት ብዙውን ጊዜ በዚህ ጊዜ ውስጥ ይታያልና። ወዲያው ወደ መናኸሪያ ሮጦ የዲላ መኪና ላይ መሳፈር አይመከርም። በቀሪው ቀን ውሃ በብዛት ይጠጡ፤ የልብ ወይም የኩላሊት ሕመም ኖሮብዎ የፈሳሽ መጠን የተገደበልዎ ከሆነ ግን ሐኪሙን ይጠይቁ። ሽፍታ ከሰዓታት፣ አንዳንዴም ከቀናት በኋላ ሊወጣ ይችላል፤ ሽንት መቀነስ፣ የፊት ማበጥ ወይም የትንፋሽ ማጠር ካዩ በአቅራቢያዎ ወዳለ ሆስፒታል ሄደው ኮንትራስት እንደወሰዱ ይናገሩ።

ሪፖርቱን የሚጽፈው ራዲዮሎጂስቱ ሲሆን፣ ከሕመምዎ ጋር አዛምዶ የሚያስረዳዎት ያዘዘልዎ ሐኪም ነው። ማሽኑን የሚያንቀሳቅሰውን ባለሙያ «ምን አየህ?» ብሎ ማስጨነቅ እርሱን ከማስቸገር በቀር መልስ አያመጣም። ፊልሙን ሳያጥፉ፣ እርጥበትና ሙቀት በሌለበት ያኑሩት፤ ሲዲ ከተሰጠዎም ከሪፖርቱ ጋር በአንድ ፖስታ ያስቀምጡት።

ከመስኮቱ ሳይርቁ ደግሞ በፊልሙ፣ በሲዲውና በሪፖርቱ ላይ ያለው ስም፣ ዕድሜና የተነሳው አካል አንድ መሆኑን ይመልከቱ። ስማችን በእንግሊዝኛ ፊደል ሲጻፍ በየወረቀቱ ስለሚለያይ፣ ሌላ ሆስፒታል ሲደርስ የሁለት ሰው ሊመስል ይችላል። የእናቴ ፊልም ላይ ዕድሜዋ አሥር ዓመት ተቀንሶ ተጽፎ ነበር። እርሷ በጣም ደስ አላት፤ እኔ ግን መልሼ ሰጠኋቸው፣ በሁለት ደቂቃ ውስጥም ታረመ።